ሕፃን በሆዱ ወይስ በጀርባው? አማቴና ሚስቴ አልተስማሙም

የሳቢያኑ አባት
ሰላም የድሬ ልጆች። ወንድ ልጃችን ሁለት ወር ሊሞላው ነው። አራስ ሊጠይቁ የመጡት አማቴ «በጀርባው ከተኛ ሲያቀረሽ ይታነቃል» ብለው በሆዱ ያስተኙታል፤ እውነትም እንደዚያ ሲሆን ለጥ ይላል። ሚስቴ ደግሞ ስታስከትበው በጀርባው አስተኚው ተብላለች። እሳቸው ይገለብጡታል፣ እሷ ሌሊት ተነስታ ትመልሰዋለች። በዚህ ሙቀት ጋቢም ይደርቡለታል። ማን ነው ልክ?

አዋላጅ ነርስ፣ ከዚራ
ሚስትህ። አማትህ ላይ ግን አልፈርድም፤ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ፈረንጅ ሐኪሞችም በሆዱ ይተኛ ይሉ ነበር። በ1991 እንግሊዝ፣ በ1994 አሜሪካ «በጀርባው ይተኛ» ብለው ቀሰቀሱ፤ አሜሪካ ውስጥ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት (ጤነኛ የነበረ ሕፃን ተኝቶ ሳለ ምክንያቱ ሳይታወቅ መሞት) ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

ያ «ለጥ ይላል» ያልከው ነው የሚያሰጋው። በሆዱ የተኛ ሕፃን እንቅልፉ ይከብዳል፤ አየር ሲያጥረው ቶሎ አይነቃም። መታነቁን በተመለከተ፣ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ይሆናል፤ ያቀረሸው ወተት ሽቅብ ካልወጣ ወደዚያ አይገባም። በሆዱ ሲሆን ተቃራኒው ነው። በጎኑም አታስተኙት፣ ይንከባለላል።

አደጋው የሚበዛው ከ2 እስከ 4 ወር ነው፣ አሁን ማለት ነው። እናንተ ክፍል ውስጥ፣ ለብቻው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ ይተኛ። ትራስ የለም፣ ጋቢም የለም፤ በድሬ ሙቀት ስስ ልብስ ይበቃዋል። አጎበሩን ግን አትተዉ፤ ጫፉን ፍራሹ ስር ወትፉት። ጡት ማጥባትም ይከላከላል። አባቶች ደግሞ ልጅ ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ሶፋ ላይ አታሸልቡ! ከሁሉም የከፋው እሱ ነው።

የጁጎሏ እናት
ሁሉም ስለ ጋቢው ያወራል፣ ስለ ሲጋራው ማንም ትንፍሽ አይልም። በርጫው ልጁ በተኛበት ክፍል ከሆነ በጀርባው መተኛቱ ብቻውን ምን ያደርጋል? እኔ እንግዳ ተቀየመም አልተቀየመም ውጭ አጭስ እላለሁ። ሺሻውም ያው ነው። ደግሞ እባካችሁ፣ ልጅ ሞቶ ሲገኝ «ተጭናው ነው»፣ «ቡዳ በልቶት ነው» እያላችሁ እናትን አታቃጥሏት። ሁሉ ነገር ተጠንቅቆም የሚሞት አለ።

የሳቢያኑ አባት
በርጫው ወደ በረንዳ ይወጣል፣ እሺ። አማቴ ግን «ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ ይሆናል» ብለዋል። በሆዱ ጭራሽ አይሆንም ማለት ነው?

አዋላጅ ነርስ፣ ከዚራ
ነቅቶ እያያችሁት በሆዱ ይጫወት፤ አንገቱ ይጠነክራል፣ ለጭንቅላቱም ጥሩ ነው። በኋላ ራሱ ወዲያና ወዲህ መገልበጥ ከቻለ በጀርባው አስተኙት፤ ተኝቶ ቢገለበጥ ተዉት። የ10ኛ ሳምንት ክትባቱ ደርሷል አይደል? አማትህን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከአንተ ከሚሰሙት ከነርሷ ቢሰሙት ይሻላል።

የጁጎሏ እናት
ባጃጅ ውስጥ ግን ወሬውን እንዳታነሳባቸው፣ ከመንገድ ይመለሳሉ።