ገደሉት የተባለው ሰው በእግሩ መጣ፤ ታዲያ ለምን አመኑ?

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ለክበባችን ድራማ የድሮ የግድያ ታሪክ ስፈልግ አንድ ጉድ አገኘሁ። ቦታው አሜሪካ፣ ቨርሞንት ውስጥ ማንቸስተር የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። በ1812 (በፈረንጆቹ ነው) ራስል ኮልቪን የሚባል ሰው ማሳ ላይ ድንጋይ ሲለቅሙ ከሚስቱ ወንድሞች ከስቲቨንና ከጄሲ ቡርን ጋር ይጣላል፣ ከዚያ ወዲህ ድራሹ ይጠፋል። ሰባት ዓመት ሐሜት ብቻ። በ1819 የወንድማማቾቹ አጎት ሕልም አየሁ አለ፤ ኮልቪን አልጋው አጠገብ ቆሞ «ገድለውኛል» ብሎ የተቀበረበትን ጉድጓድ ነገረው። በሕልም እኮ ነው! ቢቆፈር ሴንጢና አዝራር እንጂ ሬሳ የለም። ወንድማማቾቹ ግን ታስረው አመኑ፣ ሞት ተፈረደባቸው። የጄሲ ወደ ዕድሜ ልክ ተቀየረለት፤ ስቲቨን ጃንዋሪ 28 ቀን 1820 ሊሰቀል ቀን ተቆርጦለት ሳለ ሟች የተባለው ሰውዬ ኒው ጀርሲ እርሻ ላይ ሲሠራ ተገኝቶ መጣ። ያልገደለ ሰው እንዴት ገደልኩ ይላል? ተመልካችስ ያምነኛል?

ጋሼ ከቢቸና፦
ልጄ፣ በሕልሙ ለምን ትገረማለህ? እኛ አገር ሌባሻይ ነበረ። ልጁ መድኃኒት ጠጥቶ ሲንገዳገድ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል ነበር፣ ሂድና ተከራከር። አውጫጭኝም ላይ አገር ተሰብስቦ ወንጀለኛው ካልወጣ ወደ ቤት መግባት የለም። ገበሬ ከብቱ ሳይታለብ፣ እርሻው ሳይታረስ ሲውል የማን ስም ቀድሞ እንደሚነሳ ገምት። ድሮም የተጣላ ሰው ስም ነው።

ጠበቃዋ፦
ጋሼ እውነትዎን ነው። ለጥያቄህ ግን መልሱ ያለው እስር ቤቱ ውስጥ ነው። ከጄሲ ጋር በሐሰተኛ ሰነድ የተያዘ ሰው ታስሮ ነበር፣ እሱ «ሌሊት ነገረኝ» ብሎ መሰከረበት። ይህ ሰው ራሱ መፈታት የሚፈልግ ነው! ወንድማማቾቹን ደግሞ ከተማው በሙሉ «ካመናችሁ ምሕረት ታገኛላችሁ፣ ከካዳችሁ ትሰቀላላችሁ» እያለ ወጥሯቸዋል። አንተ ብትሆን የቱን ትመርጣለህ? የኮልቪን ነው የተባለ አጥንትም ተገኝቶ ነበር፣ እሱም እንኳ በኋላ የእንስሳ ሆኖ ነው የተገኘው። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ንዑስ 5 በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ አይሆንም የሚለው ለእንዲህ ያለው ነው። ድራማህን ማሳው ላይ አትጀምረው፣ ክፍሉ ውስጥ ጀምረው።

ሞጣ፦
እኔ ግን ልጠይቅ፣ የመጣው ሰውዬ ራሱ ኮልቪን ነው? ጄሲ በ1860 ኦሃዮ ውስጥ በሐሰተኛ ገንዘብ ሲያዝ «ያ ሰው አስመሳይ ነበር፣ እኛ ገድለነዋል» ብሎ ፎከረ ይባላል። ዝም ብሎ ጉራ ሊሆን ይችላል።

ጠበቃዋ፦
ጎረቤቱ በሙሉ አይቶ «እሱ ነው» ብሏል እኮ። ግን ለድራማ ይጠቅምሃል፣ አትጣለው።

የማርቆስ ልጅ፦
እንግዲያው ከእስር ቤቱ እጀምራለሁ፣ የሞጣንም ጥርጣሬ መጨረሻ ላይ አስገባዋለሁ። አጎትየው የሚሆን ሽማግሌ አጣሁ እንጂ። ጋሼ፣ አንዴ ማርቆስ ብቅ ቢሉልንስ? ሕልሙን ብቻ ነው የሚያወሩት።