አስቸኳይ! ለእሁድ የጋርደን ሰርግ የመጣው ጽጌረዳ አንገቱን ደፍቷል፣ ምን እናድርግ?

የሙሽራዋ እህት (አርብ፣ ማታ 1:40)
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ከባህር ዳር ወደ ጎንደር ያስመጣነው ጽጌረዳ አሁን ደረሰ። ካርቶኑን ስንከፍተው ግማሹ አንገቱን ደፍቷል። መኪናው ጎማ ፈንድቶበት ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር። ዲኮር የሚሠራልን ልጅ ስልክ አያነሳም። ሙሽሮቹ የሚቆሙበትን ቅስት፣ አርቹን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ጣለው። ለእህቴ ገና አልነገርናትም፣ ካየች ታለቅሳለች። አበባው ይድናል ወይስ ሌላ እንፈልግ?

ሚዜ ነበርኩ (1:52)
ውሃ ውስጥ ክተቱት። ስኳር ጨምሩበት።

የቀሃ ልጅ (1:58)
ስኳር ከገባማ ቅጠልም ጣል አድርጉበትና ሻይ ይጠጣ፣ መንገድ ደክሞት ነው የመጣው! አይዞሽ እህቴ፣ እኛም ቤት ደርሶ ያውቃል። ያዳነን ጋዜጣ ነው። አሥር አሥሩን አንገቱን ቀና አድርገሽ በጋዜጣ ጠበቅ አርገሽ ጠቅልይው። ከዚያ ባልዲ ውስጥ አቁሚው። ሳይጠቀለል ውሃ ከጠጣ እንደጎበጠ ይቀራል።

አትክልተኛው (2:10)
ጥር በመጣ ቁጥር ይኼው ነው። አበባ በቀን አይጫንም። ሌሊት ተጭኖ ጠዋት መድረስ አለበት። ከባህር ዳር እስከ እኛ ያለው 180 ኪሎ ሜትር መንገድ በፀሐይ ለአበባ ሩቅ ነው። ካርቶን ላይ ዕቃ አይደረብም። ለሰርግ ደግሞ ከሚያስፈልገው ትርፍ ይታዘዛል፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ የሚሰበር አለ። ይኼን የምለው ለቀጣዩ ደጋሽ ነው።

አሁን ወደ እናንተ። ግንዱ ተቆርጦ ደረቅ ሲቆይ አየር ይገባበታል። አየሩ የውሃውን መንገድ ይዘጋዋል። ስለዚህ ዝም ብሎ ውሃ ውስጥ መክተት አይበቃም። ሳፋ ውሃ ሙሉና ግንዱን እዚያው ውሃው ውስጥ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር አሳጥሩት። ቢላው የተሳለ ይሁን፣ አቆራረጡም አግድም ሳይሆን ሰያፍ። ውሃ የሚነካውን ቅጠል ሁሉ አራግፉ። በጣም የደከመውን ከነአበባው ሳፋው ውስጥ አጋድማችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል አጥልቁት። በኋላ የቀሃ ልጅ እንዳለው ጠቅልላችሁ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አሳድሩት። የጥር ሌሊት እዚህ ራሱ ፍሪጅ ነው፣ በረንዳ ላይ ይበቃል። ለድግሱ የተገዛው ሙዝ ካለበት ክፍል ግን አርቁት። ከሙዝ የሚወጣው ጋዝ አበባ ያረግፋል።

ሚዜ ነበርኩ (2:14)
ስኳሩን እንዳትረሱ። በረኪናና ሎሚም ጠብ ጠብ ይደረግበታል።

አትክልተኛው (2:17)
በረኪናና ሎሚ አንድ ላይ አይደባለቁም፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ስኳርና ሎሚ ይበቃል። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር።

እትዬ ከፒያሳ (2:31)
ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። የአትክልት ሰርግ ከሆነ ጽጌረዳ ከሌላ አገር የሚጫነው ለምንድን ነው? እኛ ስንዳር ዳሱ በሙሉ ቅጠል ነበር። ጎረቤት ተጠራርቶ ነው የሚተክለው። መሬቱ ቄጤማ፣ ጣሪያው ቅጠል፣ ሽታው እስከ መንገድ ይሰማል። ፀሐይ ቢበረታ ማንም አይጠወልግም። ጋርደን የሚባለው ነገር ዳስ ማለት አይደለም እንዴ?

የሙሽራዋ እህት (2:45)
እትዬ እውነትዎን ነው፣ ግን ሙሽራዋ ከልጅነቷ ጀምሮ ያለመችው ጽጌረዳ ነው። ይቅርታ፣ ቦታውን አልነገርኳችሁም። አዘዞ አጎታችን ግቢ ነው። 300 ሰው ነው የተጠራው። ምሳ 6 ሰዓት ነው። ድንኳን የለንም፣ ጋርደን ስለሆነ። ጽጌረዳው 400 ግንድ ነው። መቁረጥ ጀምረናል።

አትክልተኛው (2:50)
ድንኳን የለም? በጥር? በ6 ሰዓት? እህቴ፣ ከአበባው በፊት ሰዉ ይጠወልጋል። ከፍታችን ወደ 2,000 ሜትር ነው። አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ይፈጃል። ነገ ጠዋት ጥላ ፈልጉ።

ብየዳ ቤት ያለኝ (3:05)
ስለ አርቹ ማንም አልመለሰላትም። የሚጥለው ጨርቁ ነው። ሙሉውን በጨርቅ ከሸፈናችሁት እንደ ጀልባ ሸራ ንፋሱን ይይዛል። ጨርቁን ቀንሱት፣ ሁለቱን ጎን ብቻ ይልበስ። እግሮቹን ግማሽ ሜትር ቅበሩ። መቅበር ካልተቻለ በየእግሩ ሁለት ሁለት ማዳበሪያ አሸዋ ጫኑና ከኋላ በገመድ ወጥሩት። ንፋሱ የሚነሳው ከሰዓት ስለሆነ ፎቶውን ቀድማችሁ ጨርሱ።

የቀሃ ልጅ (3:12)
ፎቶውንስ ጠዋት ጥምቀተ ባሕር ሄደው ቢነሱት? ግንቡን ያቀፈው የዋርካ ሥር ከማንኛውም አርች ይበልጣል፣ ንፋስም አይጥለውም።

እትዬ ከፒያሳ (3:20)
እሺ ልጄ፣ ሕልሟን አልነካም። እንዲህ አድርጉ። የዳነውን ጽጌረዳ ለሙሽሮቹ ጠረጴዛና ለእጇ ብቻ አውሉት። አርቹን በነጭ ባህር ዛፍ ለጋ ቅርንጫፍ አልብሱት። ያ ክብ ክቡ፣ አመድማ ሰማያዊ የሚመስለው ቅጠል። ያለ ውሃ ቀኑን ሙሉ ይቆያል፣ ሽታውም ደስ ይላል። ጽድና ወይራ ግን እንዳትቆርጡ፣ ስንት ዘመን ፈጅቶ ያደገ ዛፍ ለአንድ ቀን አይወድቅም። ለጥላው ደግሞ የእድራችሁን ድንኳን ዛሬውኑ ጠይቁ። መግቢያውን በዚሁ ቅጠል ከሸፈናችሁት ማንም ድንኳን አይለውም፣ ዳስ ነው የሚለው። ቄጤማ እኔ አመጣለሁ። እሁድ ጎህ ሲቀድ ታጭዶ በእርጥብ ማዳበሪያ ተጠቅልሎ ይደርሳል። የግቢውን ምልክት በውስጥ ላኪልኝ።

የሙሽራዋ እህት (3:26)
እትዬ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንባዬ መጣ። ላኩልዎ። አጎቴ ወደ እድሩ ዳኛ እየደወለ ነው።

ሚዜ ነበርኩ (3:30)
የስፖንጁን ነገር ማንም አላነሳም። ጠረጴዛው ላይ አበባ የሚሰካበትን አረንጓዴ ስፖንጅ ውሃ ውስጥ በእጅ አትድፈቁት። ላዩ ላይ ጣሉት፣ ራሱ ጠጥቶ ይስመጥ። ከተደፈቀ መሀሉ ደረቅ ይቀርና አበባው ምሳ ሳይቀርብ ይደፋል። ስኳሩንም አደራ።

የቀሃ ልጅ (ሰኞ፣ ጠዋት 3:10)
የሙሽራዋ እህት፣ እንዴት ሆነ? አንገቱ ቀና አለ?

ብየዳ ቤት ያለኝ (ማክሰኞ፣ ማታ 1:00)
አርቹስ ቆመ?