ክቦቹ የግድ እንደሚቆራረጡ በምን ይረጋገጣል?

የሦስት መስመሮች ርዝመት ሲሰጥ ጎነ ሦስት መሥራት መቻሉን ስለሚወስነው ሕግ፣ ነገሩን ጠንቅቃችሁ የምታውቁ እንድታግዙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የማንኛውም ጎነ ሦስት ሁለት ጎኖች ድምር ከሦስተኛው መብለጥ እንዳለበት ይገባኛል፤ በሁለት ነጥቦች መካከል አጭሩ መንገድ ቀጥታው መስመር ስለሆነ፣ 3፣ 4 እና 8 ሴንቲ ሜትር የሆኑ መስመሮች ጫፍ ለጫፍ ሊገጥሙ አይችሉም። 3፣ 4 እና 7 ደግሞ ተጋድመው አንድ መስመር ይሆናሉ።

የቸገረኝ ተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ድምሩ ከበለጠ ጎነ ሦስቱ ሁልጊዜ ይሠራል የሚባለው ለምንድን ነው? ለ4፣ 5 እና 7 ሴንቲ ሜትር፣ የ7ቱን መስመር አስምሬ ከአንዱ ጫፍ በ4፣ ከሌላው ጫፍ በ5 ሴንቲ ሜትር ራዲየስ በኮምፓስ ክብ ስሠራ ክቦቹ ሲቆራረጡ አያለሁ፤ ሥዕል ግን ማረጋገጫ አይደለም። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ኤውክሊድ እንኳ «ኤለመንትስ» በተባለው ሥራው የመጀመሪያ መጽሐፍ 22ኛ ሐሳብ ላይ ይህንኑ አሠራር ሲያሳይ፣ የክቦቹን መገናኘት ሳያረጋግጥ እንደ ግልጽ ነገር ወስዶ ያልፋል፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

በፓይታጎረስ ቲዎረም ሳሰላ፣ ለ4፣ 5 እና 7 ከ7ቱ መስመር እስከ ክቦቹ መቆራረጫ ያለው ቁመት ካሬ 384/49 ይሆናል፤ ለ3፣ 4 እና 8 ግን ውጤቱ ከዜሮ በታች ነው። ስሌቱ ለእነዚህ ቁጥሮች መልስ ይሰጠኛል፤ ለማንኛውም ርዝመት ለምን እንደሚሠራ ግን አያሳየኝም። ስለዚህ ረጅሙ ጎን ከሁለቱ ድምር ካነሰ አንዱ ክብ ከፊሉ በሌላው ውስጥ፣ ከፊሉ ደግሞ ከውጭ እንደሚሆን፣ ከዚያም መቆራረጣቸው የግድ መሆኑን ደረጃ በደረጃ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።