ጎንደር ማራኪ ላይ ታልቃለች ያለው ማነው?

የአዘዞ ልጅ፦
ትናንት እዚሁ ስለ ቤት ኪራይ ስናወራ የፒያሳ ልጅ የጻፈውን ላላነበበ ልድገመው። «አዘዞ ኪራይ ቢረክስ ምን ይገርማል፣ ጎንደር ማራኪ ላይ ታልቃለች» ነው ያለው። እኛ አዘዞዎች ደግሞ ከማራኪ ሰፈር ወዲያ ነን። ሲከነክነኝ አደረ። ተወልጄ ያደግሁት አዘዞ ነው። እናቴም እዚያው ነው የተወለደችው። መታወቂያዬ ላይ የተጻፈው ጎንደር ከተማ፣ አዘዞ ጠዳ ክፍለ ከተማ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው እኛ ጋ ነው። ከአዲስ አበባ የሚበር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚረግጠው የእኛን አፈር ነው። ታዲያ ማራኪ ላይ ካለቀች ያ ሁሉ ሰው የት ነው የሚያርፈው?

የፒያሳ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ሰው አልሰደብኩም። የተናገርኩት ስለ ከተማ ነው። ከፒያሳ አዘዞ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንዱን ነገር ብቻ መልስልኝ። እናንተ ራሳችሁ ወደ ፒያሳ ስትመጡ ምን ትላላችሁ? «ጎንደር ደርሼ ልምጣ» ነው የምትሉት። ጎንደር ውስጥ ያለ ሰው ጎንደር ደርሼ ልምጣ ይላል?

የማራኪዋ፦
እኔ የድንበር ምልክት መሆኔን ዛሬ ነው የሰማሁት! ማራኪን ለምን መሀል ትከቷታላችሁ? ተማሪው፣ አከራዩ፣ ካፌው ሁሉ እኛ ጋ ሞልቶ ነው የሚያድረው። ማለቂያ አይደለንም።

የአዘዞ ልጅ፦
«ጎንደር ደርሼ ልምጣ» ማለታችን እውነት ነው። ታክሲ እንደ ልብ ባልነበረበት ጊዜ ወላጆቻችን በእግር እየሄዱ የለመዱት አነጋገር ነው። ያ ከከተማው አያስወጣንም። ታሪክ ካነሳን ደግሞ እናንሳ። አፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩት አዘዞ ነው። ያረፉትም እዚያው ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት በፈረንጆቹ 1636 ነው፣ አባታቸው ከሞቱ ከአራት ዓመት በኋላ። ልጁ ከተማ ሳይቆረቁር አባቱ አዘዞ ላይ ነበር። ከእኛ ቀድሞ የነበረ ሰፈር ካለ ይምጣና ይናገር።

የፒያሳ ልጅ፦
ይሄ እኮ የእኔን ነው የሚያጠናክረው። ሱስንዮስ አዘዞ ነበሩ፣ ፋሲል ግን አዘዞን ሳይመርጡ እዚህ መጡ። ግቢውን የሠሩት እዚህ ነው። ከተማ ማለት ንጉሡ ድንኳኑን ነቅሎ ቤት የሠራበት ነው።

ከአዲስ ዓለም፦
የፒያሳው ወንድሜ፣ ፒያሳ የምትኮራበት ፖስታ ቤቱና የዚያ ዘመን ሕንፃ ሁሉ በጣልያን ጊዜ የተሠራ ነው። አምስት ዓመት የቆየ ጠላት የሠራው መሀል ከተማ ሆኖ፣ የእኛ ሰፈር ዳር የሚባልበትን ምክንያት ንገረኝ። በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ጊዜ ሙስሊሙ ለብቻው ይስፈር ተብሎ በአዋጅ ነው አያቶቻችን ወደ ዳር የወጡት። ወደው አልወጡም። ከዚያ በኋላ የከተማውን ንግድ ተሸክመው የኖሩት እነሱ ናቸው። እስከ ምጽዋና እስከ ሱዳን ድረስ ቅፍለት ይዘው የሚወርዱት እነማን ነበሩ? «ዳር» የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ የምናውቅ ሰዎች እንደዚህ ያለ ቃል ሲወረወር ዝም አንልም።

የፒያሳ ልጅ፦
አዲስ ዓለምን ማን ነካ? ከግቢው በእግር የሚደረስ ሰፈር ነው። እኔ ያልኩት አዘዞን ነው።

ከአዲስ ዓለም፦
ዛሬ አዘዞ ነው፣ ነገ እኛ ነን። መስመሩን የምታሰምረው አንተ ከሆንክ የፈለግህበት ላይ ታሰምረዋለህ።

ጋሽ ልደታ፦
ልጆች፣ በእኛ ጊዜም የሰፈር ስድብ ነበረ። በገና ቀን ሩሯን ይዘን ሜዳ ስንወርድ ሰፈር ከሰፈር ይዘፋፈናል። ስለ አባትህ ድህነት ይገጠማል፣ ስለ ሰፈርህ ውሃ መጥፎነት ይገጠማል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፣ ማንም አይቆጣም። ማታ ላይ የተሳደበውም የተሰደበውም አንድ ቤት ገብቶ ይበላል። ነገሩ ለዚያች ቀን ብቻ ነበር። በማግስቱ ያንኑ ግጥም ብትደግመው ሽማግሌ ፊት ትቀርባለህ። የዛሬው ክፋቱ ዓመቱን ሙሉ ገና ሆኗል።

የፒያሳ ልጅ፦
አንቱ ያሉትን እቀበላለሁ ጋሼ። ግን እኔ ግጥም አልገጠምኩም፣ ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

የማራኪዋ፦
ያየኸውን ከሆነ እኔም ያየሁትን ልናገር። ነገሩ የካርታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአክስቴ ልጅ አዘዞ የወታደር ካምፑ አጠገብ ነው ያደገው። ሠራተኛ ልጅ ነው፣ ሲጋራ እንኳ አያጨስም። ፒያሳ አካባቢ ያለች ልጅ ወዶ ሽማግሌ ተላከ። አክስቴ ከሴቶቹ ጋር ስለነበረች እኔም አብሬ ነበርኩ። የልጅቷ አባት መጀመሪያ በደስታ ነው የተቀበሉን። ጠላ ቀረበ። ዘር ማንዘር ተጠየቀ፣ ሥራው ተጠየቀ፣ ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ «ሰፈሩስ?» አሉ። «አዘዞ፣ ካምፑ ጋ» ሲባል ብርጭቋቸውን ወለሉ ላይ አስቀመጡና ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ቀና ብለው ሰው አላዩም። «እንመካከርና እንነግራችኋለን» ብለው ሸኙን። ልጅቷ ሙጭጭ ባትል ኖሮ ዛሬ የሚጫወቱት ልጆች አይኖሩም ነበር። «ካምፕ ሰፈር፣ የመጠጥ ቤት ሰፈር» የሚለው ስም የስንቱን ትዳር እንዳፈረሰ አስቡት።

የፒያሳ ልጅ፦
ያ ሰውዬ ተሳስተዋል፣ በዚህ አልከራከርም። ግን አባት ስለ ልጁ ይፈራል። ካምፕ ያለበት ቦታ መጠጥ ቤት ይበዛል፣ ይሄ ሐሰት ነው?

የአዘዞ ልጅ፦
መጠጥ ቤት ፒያሳ የለም? ከመሸ በኋላ በፒያሳ እለፍና ቁጠር። እናንተ ጋ ሲሆን መዝናኛ ነው፣ እኛ ጋ ሲሆን ብልግና ነው። ደግሞ ያ ካምፕ ባዶ አይደለም፣ የወታደር ሚስቶችና ልጆች አሉበት። አባታቸው ግንባር ላይ የቀረባቸው ልጆች ከእኔ ጋር ነው የተማሩት። ስማቸውን በመጠጥ ቤት አታንሳ።

ከወለቃ፦
ስለ እኛ ማንም አላነሳም፣ ለምደነዋል። ወደ ዳባት መውጫው ላይ ነን። ቤተ እስራኤላውያን ጎረቤቶቻችን ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ለቱሪስት ሸክላ መሸጫ ብቻ የምንመስላቸው ብዙ ናቸው። የጎንደርን ግንብ ከሠሩት ግንበኞችና አናጢዎች መካከል ቤተ እስራኤላውያን እንደነበሩበት ታሪክ ያውቃል። ድንጋዩን የጠረበው ሰው ማታ የሚያድረው ከከተማው ውጭ ነበር። «ቡዳ» እየተባለ ነው የኖረው። የሰፈር ስም ቀልድ ነው ለሚል ሰው የእኛን ሰፈር አሮጊቶች ይጠይቅ።

ጋሽ ልደታ፦
ይሄ እውነት ነው። እናቴ ምጣዷን ከእነሱ እየገዛች፣ ልጅ ሲያለቅስባት ግን በእነሱ ነበር የምታስፈራራው።

ከአዲስ አበባ፦
እዚህ አዲስ አበባ ያለን ሰዎች «ከየት ነህ?» ስንባል ሁላችንም ጎንደር ነው የምንለው። አዘዞ፣ ቀበሌ 18፣ ሳሙና በር የሚል የለም። ፋሲል ከነማ በ2013 ዋንጫ ሲያነሳ ከጎኔ ሲዘል የነበረው ሰው የጠዳ ልጅ መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እባካችሁ ተዉት።

የፒያሳ ልጅ፦
ስለ ፋሲል ከተነሳ ስታዲየሙን የሚያደምቀው የእኛ ሰፈር ደጋፊ ነው።

የአዘዞ ልጅ፦
ይሄንንማ አታድርገው! ጨዋታ ባለ ቀን ከአዘዞ የሚነሳውን ሰው ቆመህ እየው። ሙሉ ታክሲ እየዘፈነ ነው የሚገባው። ማታ ደግሞ መመለሻ አጥቶ ግማሹ በእግሩ ነው የሚመለሰው። ከሰዓት በኋላ ደጋፊ ስንሆን ጎንደሬ ነን፣ ማታ ሲሆን ባጃጁ «አዘዞ አልሄድም» ይለናል።

ባጃጅ ነጂው፦
በእኔ ላይ ስለመጣህ ልመልስ። አዘዞን ጠልቼ አይደለም። ቤንዚን የምቀዳው ስንት ሰዓት ተሰልፌ ነው። ማታ አዘዞ ሰው ካደረስኩ ባዶዬን ነው የምመለሰው። መንገዱም ረጅም ነው፣ በሌሊት የሚያጋጥመው አይታወቅም። እኔም ልጆች አሉኝ።

የአዘዞ ልጅ፦
ጎሃ ሆቴል ዳገቱን በሌሊት ትወጣለህ?

ባጃጅ ነጂው፦
ጎሃ የሚሄድ እንግዳ የመመለሻዬንም ይከፍለኛል።

የአዘዞ ልጅ፦
የመመለሻህን እከፍላለሁ ብዬህ ገና አዘዞ የሚለውን ስትሰማ የነዳኸው አንተ ወይ ባልደረባህ ነው። እናቴ ታማ ሆስፒታል ውላ ስንመለስ ነበር። ኮሌጅ በር ላይ ቆመን ለሦስት ባጃጅ ነገርን። ሁሉም የጠየቀው ሰፈሩን ነው፣ ዋጋ የጠየቀ የለም። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ለዚህ ነው «ማራኪ ላይ ታልቃለች» የሚለው የሚያመኝ። አንተ ስለ ካርታ የተናገርከው ይመስልሃል፣ እኛ ግን በየቀኑ የምንኖረው ነው።

ባጃጅ ነጂው፦
ለእናትህ አዝናለሁ። እኔ ብሆን የታመመ ሰው አልተውም።

የማራኪዋ፦
ፒያሳ፣ ይሄን ካነበብክ በኋላም ያንን ነገር ትደግመዋለህ?

የፒያሳ ልጅ፦
በእናቱ ላይ የደረሰው ከልብ ያሳዝናል። ያን ያደረገ ሰው ቢኖርበት ቅጣት ይገባዋል። ግን ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። አዘዞ የራሷ ገበያ፣ የራሷ ቤተ ክርስቲያን፣ የራሷ ታሪክ ያላት ከተማ ነች። አሁን የጻፋችሁት ሁሉ ይሄንኑ ነው የሚያሳየው። በራሷ ትኩራ፣ የእኛ ቅጥያ ለመሆን ለምን ትለፋለች? እኔ ከተማ ናት አልኩ እንጂ ገጠር ናት አላልኩም።

የአዘዞ ልጅ፦
ትናንት ያልከው ይሄን አይደለም። ትናንት ያልከው ስለ ኪራይ ርካሽነት ነው። «ቢረክስ ምን ይገርማል» ነው ያልከው። ቃሉን አንሳና እንጨርስ።

ከአዲስ ዓለም፦
ቅጥያ የሚለውንም ጨምሮ ያንሳ።

የፒያሳ ልጅ፦
ኪራዩን በተመለከተ ያልኩትን አነሳለሁ። ማራኪ ላይ ታልቃለች ያልኩትን አላነሳም።

ጋሽ ልደታ፦
ቁስቋምስ? እቴጌ ምንትዋብ ግቢያቸውን ከከተማው ወጣ አድርገው፣ ተራራው ሥር ነው የሠሩት። ዓለም ግን ከፋሲል ግቢ ጋር አንድ ላይ ነው የመዘገበው። ደብረ ብርሃን ሥላሴንም እንደዚሁ።

የፒያሳ ልጅ፦
ቁስቋም ቅርብ ነው ጋሼ።

ከወለቃ፦
በደቡቡ በኩል ተከራከራችሁ። በእኛ በኩልስ የት ላይ ነው የምታልቀው? መልስ እየጠበቅሁ ነው።