ስልክን ለመድኃኒት ክትትል፦ የጋራ ፕሮፖዛላችንን እዚሁ እናስተካክለው (ጎንደር)

ጸሐፊዋ፦
ሰላም የማኅበራችን ሰዎች እንዴት ሰነበታችሁ። እሁድ ፒያሳ ስንገናኝ ያነሳነው ጉዳይ ነው። ባይፖላር (ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚግልበት፣ አንዴ የሚወድቅበት የአእምሮ ሕመም) ያለብን ሰዎች መድኃኒታችንን እንዳናቋርጥ ስልክ እንዴት ያግዘናል የሚለውን ጽፈን እስከ ሐሙስ ለሆስፒታሉ ሳይካትሪ ክፍል እናስገባለን ተባብለናል። እኔ የጻፍኩት ረቂቅ «ለ30 ሰው፣ ለ6 ወር፣ በየቀኑ ማታ 3 ሰዓት መድኃኒትዎን ይውሰዱ የሚል ሜሴጅ ይላካል» ነው ሚለው። ግን ከጻፍኩት በኋላ ልቤ አልተቀበለውም። እኔ 9 ዓመት ስወስድ ረስቼው ያደርኩበት ቀን በጣት ይቆጠራል፣ ሆን ብዬ ግን ሁለቴ አቁሜ ሁለቴም አገርሽቶብኝ ተኝቻለሁ። አንዴ ድኛለሁ ብዬ፣ አንዴ ደግሞ እጄ እየተንቀጠቀጠ እንግዳ ፊት ቡና መቅዳት ስላቃተኝ። ያኔ ይቺ ሜሴጅ ብትመጣልኝ አጥፍቻት እተኛ ነበር። እስቲ የመሰላችሁን ጻፉ።

የማራኪው፦
እኔ አፕ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ልሰራውም እችላለሁ። አላርም ይኖረዋል፣ ስሜትና የእንቅልፍ ሰዓት በየቀኑ ይሞላል፣ ቀጠሮ ላይ ሐኪሙ የወሩን ግራፍ ያያል። ውጭ እኮ በጣም ርቀው ሄደዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ውስጡ ትንሽዬ ሴንሰር ያለበት አሪፒፕራዞል የሚባል የአእምሮ ሕመም ክኒን ፈቅዷል፣ ሆድ ሲደርስ ምልክት ይሰጣል፣ ጎን ላይ የተለጠፈ ፓች ይቀበለውና ስልክ ላይ ተውጧል ብሎ ይመዘግባል፣ ለባይፖላርም ጭምር ነው የተፈቀደው። እሱን እናምጣ ማለቴ አይደለም፣ ቴክኖሎጂው የት እንደደረሰ ለማሳየት ነው።

ጸሐፊዋ፦
ወንድምዬ ሀሳብህን አከብራለሁ ግን እኔ ሲነሳብኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ሰው ይከታተለኛል የሚል ፍርሀት ነው፣ ሆዴ ውስጥ የሚያየኝ ነገር ካለ በጭራሽ አልውጠውም። ደግሞ ያው መሥሪያ ቤት ሲፈቅደው መድኃኒት አወሳሰድን እንደሚያሻሽል አልተረጋገጠም የሚል መግለጫው ላይ እንዲጻፍ አድርጓል።

የኮላድባው፦
እኔ እንደ አስታማሚ ልናገር። የወንድሜ ስልክ ባለ በተን ነው፣ አፕ የሚባል አይጫንበትም። ዳታውስ ቢሆን? ከ2015 ነሐሴ በኋላ ክልሉ ላይ ኢንተርኔት ጠፍቶ ስንት ወር እንደከረምን ረሳችሁት? ያኔ ተራ መደወያው ሲሰራ ነበር ግማሹ ነገር የዳነው፣ እሱም በየቦታው አይደለም። ስለዚ መሠረቱ ድምፅና ሜሴጅ ይሁን፣ አፑ ለሚችል ይጨመር። ሌላው የሰዓት ነገር ነው። መድኃኒት ቤት 9 ሰዓት ብለው ጻፉለት፣ እነሱ በፈረንጅ ማታ 9 ማለታቸው ነው፣ እሱ ቀን በ9 ሰዓት ሲውጥ ከረመና ሥራ ላይ እንቅልፍ እየጣለው «ይሄ መድኃኒት ገደለኝ» ብሎ ጣለው። ስልኩም 21:00 ነው ሚለው፣ ላልለመደ ሰው ምን ማለት ነው? ስንመዘግብ አላርሙን ፊት ለፊት እኛው እንሙላ፣ ወረቀቱ ላይም «ማታ 3 ሰዓት፣ ከእራት በኋላ» ተብሎ በእኛ ሰዓት ይጻፍ።

ሲስተር፦
የሰዓቱ ነገር ትክክል ነው፣ በተለይ ሊቲየም የሚባለውን የባይፖላር መድኃኒት ለሚወስዱ። መጠኑ እንዲለካ ለምርመራ ደም የሚሰጡት የመጨረሻውን ከወሰዱ 12 ሰዓት ሲሞላው ነው፣ ማታ 3 የዋጠ ጠዋት 3 ይሰጣል፣ የጠዋት ዶዝ ካለው ደሙን ሳይሰጥ አይውጥም። ይሄ ከተዛባ ውጤቱም ይዛባል። ሌላ የሚያስፈራኝ «አልወሰዱም» የሚል ሜሴጅ ያየ ሰው ደንግጦ የትናንቱን ከዛሬው ደርቦ እንዳይውጥ ነው፣ ሊቲየም ላይ ከሚጠቅመውና ከሚመርዘው መጠን መሀል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ጾም ላይ ውሃ ሳይጠጣ የሚውል፣ ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ በላብ የሚጠመቅ፣ ተቅማጥና ትውከት የያዘው፣ ለወገቡ ሕመም እንደ ዳይክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ከፋርማሲ ገዝቶ የሚውጥ፣ እነዚህ ሁሉ ደም ውስጥ ያለውን ሊቲየም ሊያንሩት ይችላሉ። መንቀጥቀጡ ሲብስ፣ ሲያስመልሰው፣ እየተንገዳገደ ሲሄድ ቀጠሮ ሳይጠብቅ ወዲያው ሆስፒታል ነው። ይሄን በሜሴጅ አንድ መስመር አትጨርሱትም፣ የሚደውል ሰው ያስፈልጋል። ቫልፕሮኤት የሚባለውን ሌላ የባይፖላር መድኃኒት የሚወስዱ ሴቶችም እንዲሁ፣ ጽንሱን ስለሚጎዳ ለመውለድ ከማሰባቸው በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገር አለባቸው፣ በድንገት አቁሙ ማለትም አይቻልም። እሱን በሰው አንደበት ነው የሚነገረው።

የአዘዞዋ እናት፦
ልጆቼ እኔ ብዙ መጻፍ አልችልም የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። ልጄ ሲነሳበት መጀመሪያ ሚያደርገው ስልኩን ለሰው መስጠት ነው። ሦስት ስልክ ሰጥቷል። አንዱን ለሊስትሮ ልጅ አንዱን መንገድ ላይ ላገኘው ሰው ሦስተኛውን የት እንዳደረሰው እግዜር ይወቅ። እናንተ ያን ጊዜ ሜሴጅ ስትልኩ ማን ነው ሚያነበው? መድኃኒት ምናምን ብላችሁ ብትልኩ የልጄን ገመና የማያውቀው ሰው አነበበው ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ እብድ ነው ከተባለ ማን ሥራ ይሰጠዋል። ደግሞ ጸበል ሲሄድ ሁለት ሳምንት ስልክ አይዝም፣ ያኔስ?

ሲስተር፦
እትዬ ዕድሜ ይስጥልን፣ ማናችንም ያላሰብነውን ነው ያሉት። ለጸበሉ፣ ከመሄዱ በፊት የ2 ሳምንቱ መድኃኒት ተቆጥሮ ይያዝለት፣ ሁለቱ አይጣሉም። በድንገት ማቆሙ ነው እንዲያገረሽበት የሚያደርገው።

ጸሐፊዋ፦
የእትዬን ካነበብኩ በኋላ ረቂቄን ቀደድኩት። ሲስተር ባለፈው የነገረችኝ የኬንያው ጥናት ትዝ አለኝ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የጀመሩ 538 ሰዎች ነበሩበት። ግማሾቹ በሳምንት አንዴ ሰኞ ጠዋት «ማምቦ?» የሚል ሜሴጅ ይደርሳቸዋል፣ እንደኛ «እንዴት ነው?» ማለት ነው። መድኃኒት የሚል ቃል የለበትም። «ሳዋ» ካለ ደህና ነው፣ «ሺዳ» ካለ ችግር አለ፣ ችግር ላለውም ዝም ላለውም ነርሷ ትደውላለች። በዛ ብቻ ሜሴጁ ካልተላከላቸው በተሻለ መድኃኒታቸውን ወስደዋል፣ ደማቸው ውስጥ ያለው ቫይረስም በብዙዎቹ ላይ ወርዷል። በሽታው ሌላ ነው፣ እኛ ላይ እንደዛ ይሰራል ብዬ አልምልም። ግን የኔ ሁለቱም ውድቀት የመጣው እንዴት ነሽ የሚለኝ ሰው በሌለበት ሰሞን ነው። እጄ ይንቀጠቀጣል ብዬ የምነግረው ሰው ቢኖር ዶዙ ይስተካከልልኝ ነበር እኮ፣ በኋላ ተስተካክሏል።

የማራኪው፦
እሺ ገባኝ፣ አፑን ተውኩት። እንግዲያው ሜሴጁን በደንብ እንሥራው። በግዕዝ ፊደል ስትጽፉ አንድ ሜሴጅ የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፣ ከዛ ካለፈ ሁለት ሆኖ ነው ሚቆረጠው። የድሮ ቀፎ ላይ ደግሞ አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ስለሚታይ ስንመዘግብ አንዴ ልከን በዓይናችን እንይ፣ ካልታየ ያ ሰው በድምፅ ይደወልለት። መልሱም በቁጥር ይሁን፣ በተን ስልክ ላይ አማርኛ መጻፍ ከባድ ነው።
«እንዴት ሰነበቱ? እንቅልፍስ? ደህና ከሆነ 1 ካልሆነ 2 ይላኩ»
ይሄ ከ70 በታች ነው።

ሲስተር፦
እንቅልፍ የምትለዋን እንዳታወጧት። እንቅልፍ ቀንሶ ድካም ካልተሰማው ማኒያው (ስሜቱ ከልክ በላይ የሚግልበት ጊዜ) እየመጣ ነው ማለት ሊሆን ይችላል፣ ቤተሰብ ሳያውቅ በፊት እሷ ናት ምትታየው።

የኮላድባው፦
«ማኅበር» የሚል ስምም አይግባበት። ሂሳብ የሌለው ሰው እንዳይቀር «ደውሉልኝ» የምትባለዋን ሜሴጅ ከላከም እንደ 2 ይቆጠርለት።

ገንዘብ ያዥ፦
በየቀኑ ከነበረው በሳምንት አንዴ ሲሆን ወጪው በብዙ ይቀንሳል፣ የተረፈው ለካርድ ይሁን፣ ደዋዮቹ ከኪሳቸው አያውጡ። ለ30 ሰው 5 ደዋይ፣ ለአንዱ 6 ሰው ይደርሰዋል።

ጸሐፊዋ፦
ተስማማን። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄኛውን አጥብቄ ነው የምለው። መልስ ሲጠፋ ለማን እንደሚደወል በሽተኛው ራሱ ደህና በሆነበት ቀን ይጻፍ። ሁለት ስም፣ ከሁለቱ አንዱ አብሮት የሚኖር። ምን እንዲባልላቸው እንደሚፈልግም ይጻፍ፣ ለምሳሌ እኔ ለእህቴ ሁሉም ይነገራት፣ ለአሠሪዬ ምንም። ሳይፈርም ለማንም አይደወልም፣ ሲፈልግም ይሰርዘዋል። ነፍሱን ሊያጠፋ እንደሆነ የተናገረ ሰው ሲኖር ግን ደዋዩ ብቻውን አይያዘው፣ ያኔውኑ ለሲስተር ደውሎ ቤተሰብ ይዞት ድንገተኛ ክፍል ይሄዳል፣ ይሄንንም ሲፈርም አስቀድመን እንንገረው።

የአዘዞዋ እናት፦
ልጄ አሁን ደህና ነው፣ አጠገቤ ሆኖ እየሰማ ነው። እፈርማለሁ ብሏል። የመጀመሪያው ስም እኔ ሁለተኛው የክርስትና አባቱ። ግን ሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ ነው፣ ቅዳሜ ማታ ይሁንልኝ ይላል።

ጸሐፊዋ፦
እትዬ ቅዳሜ ማታ ብዬ ጽፌዋለሁ። ቀኑን እያንዳንዱ ሰው ይምረጥ የሚለውም ገብቷል። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ይዤው እሄዳለሁ፣ አብሮኝ የሚገባ አንድ ሰው እፈልጋለሁ።

የኮላድባው፦
እኔ አለሁ፣ ረቡዕ ማታ ጎንደር ገብቼ አድራለሁ።