ለአዲሱ የኮምፒውተር ሳይንስ ተቋም ምን እናቅርብ? የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አዲሱ የግል የኮምፒውተር ሳይንስ ተቋም የማኅበራችንን ሐሳብ በጽሑፍ ጠይቋል። ረቂቃችን እስካሁን አንድ መስመር ነች፦ «ማኅበሩ 20 ኮምፒውተር ይለግሳል።» እስከ ዓርብ አብረን እናስተካክላት።

ገንዘብ ያዥ፦ ልጆች፣ 20 ኮምፒውተር በየትኛው ብር? ካዝናውን የማውቀው እኔ ነኝ።

መምህር አባል፦ ጋሼ ልክ ናቸው። ብሩ ቢኖርም ኮምፒውተሩ ይቅር እላለሁ። በፊት ያስተማርኩበት ቦታ ማሽን ሞልቶ ነበር። መብራት ሲሄድ ልጆቹ በስልካቸው ባትሪ ደብተር ላይ ኮድ ይጽፋሉ። እሱ አያስከፋም፣ እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው። የሚያስከፋው ደብተሩን የሚያይላቸው ሰው አለመኖሩ ነበር። ስለዚህ ሰዓታችንን እንስጥ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ አባል ለ5 ተማሪ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ኮዳቸውን ያንብብ።

ጸሐፊ፦ ወድጄዋለሁ። ግን ምን እናሠራቸው? ካልኩሌተር ካልናቸው ከኢንተርኔት ገልብጠው ነው የሚመጡት።

ፕሮግራመር አባል፦ ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን ስሌት! አትሳቁ። 2018 ዓ.ም. ላይ 5500 ደምሩ፣ 7518 ይሆናል። ለ19 ስታካፍሉት 13 ይተርፋል። አንድ ቀንሱ፣ ወንበር የሚባለው ቁጥር 12 ነው። ወንበሩን በ11 አባዝታችሁ በ30 ስትገድፉ (አካፍላችሁ ቀሪውን ስትይዙ) አበቅቴ የሚባለው 12፣ በ19 አባዝታችሁ ስትገድፉ ደግሞ መጥቅዕ የሚባለው 18 ይመጣል። የሁለቱ ድምር ምንጊዜም 30 ነው። ካልመጣ ተማሪው እኔን ሳይጠይቅ ኮዱ መሳሳቱን ያውቃል። አሁን 2006ን ያስገባ። ወንበሩ አልቦ (0) ነው። ኮዱ መጥቅዑንም 0 ይላል፣ ሊቃውንቱ ግን 30 ይሉታል። እዚህ ጋ ነው ልጁ ጭንቅላቱን ማከክ የሚጀምረው።

ወላጅ የሆነች አባል፦ ደስ ይላል፣ ግን ወላጅ የሚጠይቀው «የመውጫ ፈተናውን ያልፋል ወይ?» ብሎ ነው። ከ2015 ጀምሮ የግል ተማሪም ይፈተናል፣ 50 ከመቶ ካላመጣ ዲግሪ የለም። አበቅቴ ደግሞ አይጠየቅም።

ፕሮግራመር አባል፦ አበቅቴ አይጠየቅም፣ እሱን ለማስላት ኮዱ ውስጥ የሚገቡት ቀሪ፣ ሉፕና ፈንክሽን ግን ይጠየቃሉ።

ወላጅ የሆነች አባል፦ አልረካሁም። ከወሩ አንዱ ቅዳሜ የፈተና መለማመጃ ይሁን። ካልሆነ አልፈርምም።

መምህር አባል፦ ይሁን። ሥርዓተ ትምህርቱን አንነካም፣ እሱ ፈቃድ ያገኙበት ነው። የእኛ ቅዳሜ ተጨማሪ ብቻ ነው።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ይነበብ፦ «ማኅበሩ ለአንድ ሴሚስተር በየሳምንቱ ቅዳሜ ኮድ የሚያርሙ አባላትን ይመድባል። ከየወሩ አንዱ ቅዳሜ ለመውጫ ፈተና ልምምድ ይውላል።» ጋሼ፣ ወጪው ይከብድብናል?

ገንዘብ ያዥ፦ ለሻይና ለታክሲ አያቅተንም። መብራት ከጠፋም ደብተር ላይ ታርማላችሁ። ቀይ እስክሪብቶ አንድ ፓኮ እገዛለሁ፣ ደረሰኝ ግን አምጡልኝ እንዳትሉኝ፣ የማመጣው እኔ ነኝ።