ክርክር፦ «ስልኩን ቀምቶ ቁምሳጥን ውስጥ መቆለፍ» ትምህርት ነው?

ጥቁር ሰሌዳ፦ አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ማኅበራዊ ሚዲያ የዘጋችበት ሕግ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 2025 ሥራ ላይ ዋለ የሚለው ዜና ሥር «ደብተር ይሻላል» የጻፈውን አያችሁ? «ይኸው መፍትሔው! ስልኩን ቀምቶ ቁምሳጥን ውስጥ መቆለፍ ነው። ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ የኢንተርኔት ደህንነት ማስተማር ቅንጦት ነው።» የሚያጨበጭቡለት ደግሞ መምህራን ናቸው! ወንድሜ፣ ሕጉን አንብበኸዋል? ግዴታው የተጣለው ኩባንያዎቹ ላይ ነው። እስከ 49.5 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር የሚደርሰው ቅጣትም እነሱን እንጂ ልጁንና ወላጁን አይመለከትም። የመልእክት መተግበሪያና ጌም ከእገዳው ውጭ ናቸው። ጌም ውስጥ ቻት የለም እንዴ?

ደብተር ይሻላል፦ አንብቤዋለሁ መምህር፣ ስላሰቡልኝ አመሰግናለሁ። ፈረንሳይም እ.ኤ.አ. በ2018 በአንደኛና በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስልክ በሕግ ከልክላለች። እነዚህ ሁሉ ሞኞች ሆነው እርስዎ ብቻ ነቁ ማለት ነው? ማባዛት ላልጨረሰ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ስለ «ዲጂታል አሻራ»፣ ኢንተርኔት ላይ ትቶት ስለሚያልፈው ዱካ፣ ቢነግሩት ጣቱን ያያል እንጂ ሌላ የሚገባው ነገር የለም።

ጥቁር ሰሌዳ፦ ቁምሳጥኑን ተቀበልን እንበል። ደወል ሲደወል ይከፈታል አይደል? ልጁ ቤት ገብቶ የእናቱን ስልክ ያነሳል። ጌም ውስጥ አንዱ «ነፃ ሳንቲም ልላክልህ፣ ስልክ ቁጥር ስጠኝ» ይለዋል። ቁጥሩን ያገኘ ሰው በራሱ ስልክ ላይ የእናትየዋን ዋትስአፕ ለመክፈት ይሞክራል። ባለ 6 አኃዝ ኮዱ የሚመጣው እናትየዋ ስልክ ላይ ነው። «አሁን የመጣልህን ቁጥር ንገረኝ» ሲለው ልጁ ያነብለታል። በቃ፣ አካውንቱ ሄደ። ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው «ዲጂታል አሻራ» የሚል ቃል አይደለም። ለሁለተኛ ክፍል ልጅ «በስልክ የመጣ ቁጥር ለማንም አይነበብም፣ ለጓደኛም ቢሆን» ብሎ በልምምድ ማስያዝ ነው። አንዱ ተማሪ አጭበርባሪ ይሆናል፣ ሌላው እምቢ ይላል፣ ከዚያ ቦታ ይለዋወጣሉ።

ቁልፍ ያዥ፦ ትክክል፤ ግን ግማሹን ነው የነገርከን። እናትየዋም ዋትስአፕ ውስጥ ቅንብሮች፣ አካውንት፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ገብታ የራሷን ባለ 6 አኃዝ ፒን ታስቀምጥ። ያኔ ልጁ ኮዱን ቢያነብም ሌባው ፒኑ ላይ ይቆማል። ፒን ሳይኖራት ከተወሰደባት በራሷ ቁጥር እንደገና ትመዝገብ፤ ሌባው ወዲያው ይወጣል። ሌባው ቀድሞ የራሱን ፒን ካስገባ ግን 7 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ይህ ለወላጆች ስብሰባ የሚሆን ርዕስ ነው፤ በልጅ ትከሻ ላይ ብቻ አይጣልም።

ደብተር ይሻላል፦ አያችሁ? ራሳችሁ ስልኩ የእናትየዋ ነው አላችሁ። እናትየዋ ትቆልፈው! የትምህርት ቤቱ ዋይፋይ ማጣሪያ አለው፣ ቤት ውስጥ የወላጅ ቁጥጥር አለ። ምን ቀረ?

ቁልፍ ያዥ፦ ማጣሪያ ነው ያልከው? ብዙ ቦታ የተደረገው ራውተሩ ላይ እንደ 1.1.1.3 ያለ የዲኤንኤስ፣ ማለትም የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉም አገልግሎት፣ አድራሻ ማስገባት ነው። መጥፎ አይደለም፣ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ግን የሚዘጋው የድረ ገጽ ስም ነው፤ በተፈቀደ የቪዲዮ ገጽ ውስጥ ያለውን መጥፎ ቪዲዮ አያይም። ልጁ ወደ ሞባይል ዳታ ከቀየረ ማጣሪያው የለም። ቪፒኤን ከጫነ የለም። ብራውዘሩ የራሱን የተመሰጠረ ዲኤንኤስ ከተጠቀመም የለም። ደግሞም በብራውዘሩ «ስውር መስኮት» (ኢንኮግኒቶ) ከገባሁ ማንም አያየኝም የሚል ትልቅ ሰው ሞልቷል። እሱ የሚያደርገው መሣሪያው ላይ ታሪክ አለማስቀመጥ ነው፤ ኔትወርኩን የሚቆጣጠረው ሰው የትኞቹን ድረ ገጾች እንደከፈትህ ማየት ይችላል። መምህሩ ያላወቀውን ተማሪው ከየት ያምጣው?

የማለዳ ወፍ፦ ሁላችሁም ቁምሳጥኑ ላይ ተቸክላችሁ ዋናውን አለፋችሁት። ስልክ መቀማት ጉዳቱ ልጁን ዝም ማሰኘቱ ነው። አንድ ሰው አስፈራርቶት ወይም ፎቶ ጠይቆት እያለ ልጁ የሚያስበው «ከተናገርኩ ስልኩን ይወስዱብኛል» ብሎ ነው። አስፈራሪውም ይህንን አሳምሮ ያውቃል፤ «ብትናገር ይቀሙሃል» ይለዋል። ታዲያ የቁምሳጥን ፖሊሲ ማንን እየረዳ ነው?

ደብተር ይሻላል፦ እህቴ፣ አሁን ደግሞ ስልክ የሚወስድ ወላጅ የወንጀለኛ ተባባሪ ሆነ? ጉድ ነው! «ከማያውቁት ሰው ጋር አታውሩ» የሚል ፖስተር ግድግዳ ላይ ለጥፉና ተገላገሉ።

የማለዳ ወፍ፦ ተባባሪ አላልኩም፣ ቃል አትጨምርብኝ። ፖስተሩ ግን አይሠራም፣ ምክንያቱ ግልጽ ነው። አብሮት ሦስት ሳምንት ጌም የተጫወተ ሰው ለልጁ «የማያውቀው ሰው» አይደለም፣ ጓደኛው ነው። ስለዚህ የሚታየው ሰውየው ሳይሆን የሚጠይቀው ነገር ነው። ከጌሙ ወጥተን ሌላ መተግበሪያ ላይ እናውራ ሲል፣ ለማንም እንዳትነግር ሲል፣ ስጦታ ሲልክ፣ ፎቶ ሲጠይቅ። ከአራቱ አንዱ ከመጣ ልጁ ያቆማል፣ ይወጣል፣ ይናገራል። ለማን? «ለትልቅ ሰው» ማለት ለማንም ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ልጅ የሦስት ሰዎች ስም ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ቢያንስ አንዱ ከቤተሰብ ውጭ ይሁን።

የላብ ኃላፊ፦ ከተናገረ በኋላስ? ብዙ ጊዜ ወላጅ ተናዶ መልእክቱን ያጠፋዋል።

የማለዳ ወፍ፦ ጥሩ ጠየቅክ። አይጠፋም። የተጠቃሚው ስምና ቀኑ እንዲታይ ሆኖ የስክሪን ፎቶ ይነሳል፣ ለመተግበሪያው ሪፖርት ይደረጋል፣ ብሎክ መጨረሻ ላይ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይለያል፦ የልጅ የእርቃን ምስል ከሆነ የስክሪን ፎቶ አይነሳም፣ ለማንም አይላክም፣ ለዳይሬክተሩም ቢሆን! ስልኩ እንዳለ ተይዞ ወደ ሕግ ነው። «ማስረጃ» ብሎ የመምህራን ግሩፕ ላይ የሚለቅ ሰው ራሱ እያሰራጨ ነው። በብዙ አገር ይህ ወንጀል ነው።

የላብ ኃላፊ፦ በዚህ እስማማለሁ። ቀላሉን መጀመሪያ እንያዝ ግን። ተማሪዎች የይለፍ ቃላቸውን በየወሩ ቢቀይሩና ዝርዝሩ እኔ እንደማደርገው መምህሩ ጋ መዝገብ ላይ ቢቀመጥ ግማሹ ችግር ይቀረፋል።

ቁልፍ ያዥ፦ በየወሩ?! የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2017 መመሪያው የተሰረቀ ካልመሰለ በቀር ሰውን በየጊዜው ቀይር ብላችሁ አታስገድዱ አለ። ምክንያቱም ሰው ሲገደድ «ፀሐይ1» የነበረውን «ፀሐይ2» ነው የሚያደርገው። ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል የኪውአር ካርድ ወይም የሥዕል መግቢያ ይበቃል። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ የማይገናኙ ሦስት አራት ቃላት በአንድ ላይ፦ «ዝሆን መጥረጊያ ሐሙስ ጨረቃ»። ረጅም ነው፣ ልጅ ይስቅበታል፣ ስለዚህ አይረሳውም።

የላብ ኃላፊ፦ ሲረሳስ? ሠላሳ ልጅ ከፊቴ ቆሞ «ጠፋብኝ» ሲለኝ ዝርዝር ሳይኖረኝ ምን ላድርግ?

ጥቁር ሰሌዳ፦ ጠዋት «የይለፍ ቃል ለማንም አይሰጥም» ብለህ አስተምረህ ከሰዓት «አምጡ ልመዝግብ» ትላለህ?

የላብ ኃላፊ፦ እኔ ማንም ነኝ እንዴ? መምህራቸው ነኝ!

ቁልፍ ያዥ፦ አጭበርባሪውም «መምህርህ ነኝ» ነው የሚለው። ከአስተዳዳሪ አካውንት ጊዜያዊ የይለፍ ቃል ትሰጠዋለህ፣ ሲገባ የራሱን ይተካል፤ የድሮውን ማወቅ አያስፈልግህም። መዝገቡ የጠፋ ቀን ግን የጠፋው የክፍሉ ሁሉ ነው።

ደብተር ይሻላል፦ ሥነ ምግባሩስ የት ሄደ? እናንተ የምታወሩት ስለ ሌባ ብቻ ነው። ዛሬ ልጁ የቤት ሥራውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ በቻትጂፒቲ፣ አሠርቶ ነው የሚመጣው። እሱንም አትቀሙት ልትሉኝ ነው?

ጥቁር ሰሌዳ፦ እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ፣ አትደንግጥ። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2023 መመሪያው ለእንዲህ ዓይነቱ መሣሪያ የክፍል ውስጥ አጠቃቀም ዝቅተኛውን ዕድሜ 13 አድርጎ ነው የመከረው። ግን ልጁ ባይነካውም የዚያን ማሽን ሥዕልና ድምፅ በየቀኑ ያያል። መምህሩ ራሱ ከፍቶ የተሳሳተ መልስ ለክፍሉ ያሳይ፤ «የቱ ጋ ነው የሳተው? በምን አወቃችሁ?» ይበል። ለዚህ የልጅ አካውንት አያስፈልግም።

የማለዳ ወፍ፦ ሥነ ምግባር ካነሳችሁ፣ ተማሪ ከኢንተርኔት ምስል ወስዶ ምንጩን «ጎግል» ብሎ ሲጽፍ መምህር አርሞት ያውቃል? ጎግል መፈለጊያ ነው፣ የምስሉ ባለቤት አይደለም። ምስሉን ተጭኖ ገጹን መክፈት፣ ባለቤቱን፣ የገጹን ስምና ፈቃዱን መጻፍ፤ ይኸው ነው። አራተኛ ክፍል ይችለዋል። ከዚያ በፊት ግን ትምህርት ቤቶች ራሳቸው የልጆችን ፎቶ ከነስማቸውና ከነክፍላቸው ገጻቸው ላይ መለጠፍ ያቁሙ። ልጁን ማን ጠየቀው?

የላብ ኃላፊ፦ ወላጅ ሲመዘገብ ፈርሟል እኮ። ደግሞ ፌስቡክ ላይ ሲወጣ ፎቶው ውስጥ የተቀመጠው የተነሳበት ቦታ መረጃ ይጠፋል።

ቁልፍ ያዥ፦ ፌስቡክ ለሕዝብ ከሚያሳየው ቅጂ ላይ ይጠፋል። ያንኑ ፎቶ በቴሌግራም «እንደ ፋይል» ከላክኸው ግን ካሜራው መዝግቦት ከነበረ የጂፒኤስ ቁጥሩ አብሮ ይሄዳል። እሱም ቢጠፋ የደንብ ልብሱ ላይ ያለው ዓርማ አለልህ፤ ማንበብ ለሚችል ሁሉ አድራሻ ነው።

ደብተር ይሻላል፦ ቆይ፣ ይህ ሁሉ በየትኛው ክፍለ ጊዜ ነው የሚሰጠው? ከሒሳብ ልትነጥቁ ከሆነ አሁኑኑ ንገሩን።

ጥቁር ሰሌዳ፦ በሳምንት 20 ደቂቃ። ከቋንቋ ክፍለ ጊዜ፤ መልእክት ማንበብና መጠርጠር ንባብ ነው።

ደብተር ይሻላል፦ ጉድ በሉ የቋንቋ መምህራን!

የማለዳ ወፍ፦ እኔ የቋንቋ መምህርት ነኝ። 20 ደቂቃውን እሰጣለሁ፤ የላብ ኃላፊው መጀመሪያ ያንን መዝገብ ይቅደድ።

የላብ ኃላፊ፦ አልቀድም። ዳይሬክተሩ በጽሑፍ ይዘዙኝ።